ከጓዳ ለጓዳ፦ ጣሳዋን የያዘችው እናት

ባለፈው ዕትም እናቴ በራሽን ካርድ ዘመን ስምንት ሰው እንዴት ታበላ እንደነበር በሁለት መስመር ጠቅሼ ነበር። ይህን ያህል ደብዳቤ ያመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁሉንም አንብቤአለሁ። ለአምስቱ እዚህ እመልሳለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች ያህል፣ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ገበያ አጠገብ ነው። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከስድስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነኝ። ስለዚህ የቀበሌውን ሱቅ ወረፋ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

«እንደ እንግሊዝ አገር ያለ የምግብ ካርድ በጎንደር ነበር ወይ?»

እትዬ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ሰፈሬ ማራኪ ነው። የታሪክ መምህራችን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ምግብ በካርድ ይገዙ እንደነበር አስተማረን። ከዚያ «በከተማችሁስ? ቤተሰብ ጠይቃችሁ ጻፉ» ብሎ የቤት ሥራ ሰጠን። አያቶቼ አርፈዋል። እርስዎን ልጠይቅ ብዬ ነው።

*ተማሪው፣ ከማራኪ*

ልጄ፣ ጥሩ መምህር ገጥሞሃል። እንግሊዝ አገር ምግብ በካርድ የሆነው እ.ኤ.አ. በጥር 1940 ነው። መጀመሪያ የተመጠኑት ስኳር፣ ቅቤና የአሳማ ሥጋ ናቸው። ከዚያ ሌላው ሥጋ፣ ሻይ፣ አይብ ተከተለ። ለአንድ አዋቂ በሳምንት የሚደርሰው ስኳር ሩብ ኪሎ አይሞላም። ሻይ ቅጠል 57 ግራም ገደማ። እንቁላል በሳምንት አንድ። ጦርነቱ በ1945 አለቀ፤ ካርዱ ግን አላለቀም። እንዲያውም በጦርነቱ ጊዜ ያልተመጠነው ዳቦ ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ተመጠነ፤ እስከ 1948 ድረስ ቆየ። ሥጋ ከካርድ ነጻ የወጣው በ1954 ነው። ይህን ለመምህርህ ጻፍለት። ብዙ ሰው ጦርነት ሲቆም ጓዳ በማግስቱ የሚሞላ ይመስለዋል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በል። እንግሊዞች ካርዱን የሰጡት ለእያንዳንዱ ሰው ነው። ሕፃን ሳይቀር የራሱ ደብተር ነበረው። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና ከአምስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አረንጓዴ ደብተር ይሰጥ ነበር። አረንጓዴውን የያዘች እናት በቀን ከግማሽ ሊትር በላይ ወተት ይደርሳታል። እንቁላሉም ለእሷ እጥፍ ነው። ይህችን አረንጓዴ ደብተር አትርሳት። እኔም ከታች እመለስባታለሁ።

ወደ ጎንደር ስንመጣ፣ በዚያው ጦርነት ከተማችን ተከባ ነበር። ጃንሆይ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ጣሊያን እኛ ጋ ገና አልወጣም። ጄኔራል ናሲ በወልቅፊትና በቁልቋል በር ምሽግ ይዞ ከስድስት ወር በላይ ቆየ። እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። አያቴ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ስለዚያ ጊዜ ስትነግረን መድፉን አታነሳም። የምታነሳው ጨውን ነው። የቀረቻትን አንዲት ቁራጭ አሞሌ በክር አስራ ወጡ ውስጥ ትነክራለች። ትንሽ ቆይታ ታወጣታለች። ታደርቃትና ለነገ ትሰቅላታለች። እኛ ልጆቹ ይህን ስንሰማ እንስቅ ነበር። በኋላ ጨው በካርድ ሲሆን አልሳቅንም።

በካርድ መግዛት ወደ ጎንደር የመጣው በደርግ ዘመን ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የከተማው ሰው በቀበሌ ተደራጀ። ቀበሌዎቹ ሱቅ ከፈቱ። ስኳር፣ ጨው፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ አንዳንዴም ጤፍ በካርድ ይሸጥ ጀመር። አገሩ በምሥራቅም በሰሜንም ጦርነት ላይ ነበር። የኛ ካርድ ግን በሰው አልነበረም፤ በአባወራ ስም ነበር። ካርዱ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ይጻፋል። ጓዳ ከገባ በኋላ ለማን ስንት እንደሚደርስ የምታውቀው እናት ብቻ ናት።

«ያለ ዘይት ወጥ እንዴት ይሠራል?»

እትዬ፣ የምኖረው አዘዞ ነው። ሦስት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ የቀን ሥራ ነው የሚሠራው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዘይትና ስኳር ይጠፋል። ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። እናትዎ ያለ ዘይት እንዴት ይሠሩ ነበር? ጤፉንስ ከምን ልቀላቅለው? ማሽላ ስቀላቅልበት በማግስቱ እየደረቀ ይሰባበርብኛል። ማገዶም ከብዶኛል። እኔ ግዴለም፣ ከልጆቹ የተረፈውን እበላለሁ።

*የሦስት ልጆች እናት፣ ከአዘዞ*

እህቴ፣ ከማገዶው ልጀምር። አንቺ መጨረሻ ላይ ነው የጻፍሽው። እናቴ ግን መጀመሪያ የምታስበው እሱን ነበር። በዚያ ዘመን እህል ከማለቁ በፊት እሳት ነበር የሚያልቀው። ዘመድ ሽሮ ይልካል፣ ቀበሌው ስኳር ያመጣል፤ እንጨት የሚልክልሽ ግን የለም። ስለዚህ እናቴ ጠዋት ስትነሳ «ዛሬ ምን ልሥራ?» አትልም። «ይህ እሳት ስንት ነገር ያበስልልኛል?» ነው የምትለው።

እንጀራ የሚጋገረው በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ነበር። የጋገረች ቀን እሳቱ አንድ ደቂቃ ሥራ አይፈታም። መጀመሪያ ገብሱን ትቆላለች፤ ለበሶም ለቆሎም ይሆናል። ከዚያ እንጀራው ይከተላል። ምጣዱ መብረድ ሲጀምር ያለፈው ሳምንት ፍርፋሪ ላዩ ላይ ተዘርግቶ ድርቆሽ ይሆናል። ረመጡ ውስጥ ድንች ይቀበራል። የመጨረሻው ፍም ለቡና ነው። አንቺ ጋ መብራት የሚመጣ ከሆነና የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለሽም ይኸው ነው። አንዴ ከጋለ ሳይበርድ የሚያልቅ ሥራ ሁሉ ይሰለፍለት።

ባቄላና ሽንብራን በተመለከተ አንድ ነገር ላሳይሽ። ከማታው ዘፍዝፈሽ እደሪ። ጠዋት ውሃውን ድፊና በአዲስ ውሃ አንተክትኪው። ሩብ ሰዓት ያህል በደንብ ከፈላ በኋላ ድስቱን ክደኚና ከእሳት አውርጂ። በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለሽ፣ ገለባ በሞላበት ቅርጫት ወይም ካርቶን ውስጥ ቅበሪው። ከላይም ጨርቅ ደርቢበት። ከሰዓት ስትከፍችው ለስልሷል። ትንሽ ከጠነከረ ለአጭር ጊዜ እሳት ላይ መልሺው። እናቴ ይህን ከእናቷ ነው የተማረችው። የእንግሊዝ ሴቶችም በጦርነቱ ጊዜ ድስታቸውን ደረቅ ሣር በሞላበት ሳጥን ውስጥ እየቀበሩ ያበስሉ እንደነበር ሳነብ ጎረቤት ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ።

አሁን ወደ ዘይቱ። ሽንኩርቱን ድቅቅ አድርገሽ ክተፊ። ድስቱን ባዶውን ጣጂና ሽንኩርቱን ጨምሪ። ጨው ጣል አድርጊበት፤ ጨው የሽንኩርቱን ውሃ ያወጣዋል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ሊይዝ ሲል ጠብ ጠብ እያደረግሽ ሙቅ ውሃ ጨምሪ፤ ብዙ አይደለም፣ በማንኪያ። ቀልቶ እስኪሟሽሽ አማስዪው። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው። በርበሬውንም እንዲሁ በውሃ አብስዪው። ዘይቷን ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሪ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ለአንድ ድስት ይበቃል። መጀመሪያ ካደረግሻት ሽንኩርቱ ይጠጣትና የት እንደገባች አታውቂም። መጨረሻ ላይ ከገባች ግን ወጡ ላይ እያየሻት ትበያታለሽ፤ ልጆችም «ዘይት የለውም» አይሉም።

ሁለተኛው መንገድ የቅባት እህል ነው። ጎንደር ላይ ኑግና ሱፍ አለን። ዘይት በጀሪካን ከመምጣቱ በፊት የጾም ገበታችን የቆመው በእነሱ ነው። ሱፉን ለዘብ አድርገሽ ቁዪው። ፍጪው ወይም ውቀጪውና በውሃ አሽተሽ በወንፊት አጥልዪው። ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣል። ሽሮሽን በተራ ውሃ ፈንታ በዚህ ሥሪው። የሚወፍረውም የሚጣፍጠውም በራሱ ነው። ኑጉንም እንዲሁ፤ እሱ ግን ጠቆር ያደርገዋል። ልጆችሽ መልኩን ካልወደዱት ቀይ በርበሬ ይሸፍነዋል። ምጣድሽን ደግሞ በዘይት አታሽው። የተፈጨ ጎመን ዘር በጨርቅ ቋጥረሽ አሽው። እናቴ ምጣድ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ስትጥል አይቼ አላውቅም።

የማሽላውን ነገር ስንመጣ፣ ከጤፍ ሁለት እጅ፣ ከማሽላ አንድ እጅ ብለሽ ጀምሪ። ቤተሰቡ ሲለምደው እኩል በእኩል ይሆናል። ማሽላ አብሲት ይወዳል። ለጤፍ ከምታደርጊው ጨመር አድርጊ፤ ያን ጊዜ ዓይኑም ያምራል፣ ቶሎም አይሰባበርም። ሆኖም ማሽላ የገባበት እንጀራ የመጀመሪያ ቀን እንጀራ ነው። በሁለተኛው ቀን ለፍርፍር ነው። በሦስተኛው ቀን ሳይሻግት ድርቆሽ አድርጊው። ዳጉሳም አትናቂ። «ዳጉሳ ለጠላ ነው» የሚሉ አሉ። እንጀራው ይጠቁራል እንጂ ለአጥንት የሚሆነው ካልሲየም በዳጉሳ ውስጥ ከብዙ እህል ይበልጣል። ለሚያድጉ ልጆች ጥሩ ነው።

ሽሮ ሲያንስ በውሃ አታብዢው። ጎመን ከትፈሽ ጨምሪበት፣ ድንች ቀርድደሽ ጨምሪበት። ክረምት ከሆነ ሳማ በየአጥሩ ሥር ነው። ለጋውን ጫፍ በጨርቅ ይዘሽ ቁረጪና ቀቅዪው፤ ሲፈላ መለብለቡ ይጠፋል። አንዳንድ ሰው ሳማ መብላት ያፍራል። እናቴም ታፍር ነበር። ጎረቤት ሲመጣ ድስቱን ትከድናለች። ጎረቤታችንም ለካ እቤቷ የምትከድነው ድስት ነበራት።

ስኳር ሲጠፋ እኛ ሻይ የምንጠጣው ከረሜላ ጉንጫችን ውስጥ ይዘን ነበር። አንዷ ከረሜላ ለሁለት ልጅ በጥርስ ትሰበራለች። ለቡና ደግሞ የአያቶቻችን ጨው አለ።

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገርሽን አንብቤአታለሁ። እሷን ከታች አመጣታለሁ።

«ጓያ ርካሽ ስለሆነ ብንበላው ምን አለ?»

ከቆላ ድባ ወደ ጎንደር ከመጣን ዓመት ሆነን። ሽንብራ ተወዷል። ጓያ ግን ርካሽ ነው። ቤታችን አሁን ቂጣውም ሽሮውም ንፍሮውም ጓያ ሆኗል። አማቴ ተዉ ይላሉ፣ ባለቤቴ ምንም አይልም ይላል። ማን ልክ ነው?

*አንዲት ምራት*

አማትሽ ልክ ናቸው። ዛሬውኑ አዳምጫቸው። አንቺ ራስሽ የደንቢያ ልጅ ነሽና በጓያ እግሩ የተሰናከለ ሰው ሳታዪ አልቀረሽም። በደንቢያና በፎገራ ይህን በሽታ የማያውቅ የለም። ጓያ ድርቅን ይችላል። ሌላው ሲደርቅ እሱ ይቆማል። በዚህ ምክንያት ሰው በችግር ጊዜ እሱን ብቻ ይበላል። ፍሬው ውስጥ ግን ነርቭን የሚጎዳ መርዝ አለ። አንድ ቀን በልተሽው ምንም አይልሽም። ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብሽ ሲሆን ግን እግርን ያደክማል፣ ጉልበት ያደነድናል፣ ሰውን በዱላ ያስኬዳል። አንዴ ከያዘ አይመለስም። አብዝቶ የሚይዘው ደግሞ ወጣት ወንዶችን ነው። ይህን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

ሌላ ምንም የሌለ እንደሆነ ጓያውን ሌሊቱን በብዙ ውሃ ዘፍዝፊ። ያንን ውሃ ድፊው። በአዲስ ውሃ ቀቅዪና የተቀቀለበትንም ድፊው። መርዙ ከውሃው ጋር በብዛት ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ብቻውን አትብሉት፤ ጤፍ፣ ገብስ ወይም ማሽላ ይብዛበት። ቂጣና ቆሎ አድርጎ መብላት ከሁሉም የባሰ ነው፤ መርዙ በውሃ ወጥቶ አልተደፋምና። ገበያ ላይ የተፈጨ ሽሮ አትግዢ። ጓያ ተደባልቆበት ይሆናል። ፍሬውን ገዝተሽ አስፈጪ። የጓያ ፍሬ እንደ ሽንብራ ድቡልቡል አይደለም፤ ጠርዝ አለው፣ የተሸረፈ ጥርስ ይመስላል።

ከቤታችሁ ሰው መካከል ሲሄድ እግሩን የሚጎትት ወይም ጉልበቱ የሚከብደው ካለ ለነገ አትተዉት። ዛሬ ጓያውን አቁማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

«ሳሙና ስታጡ በምን ታጥቡ ነበር?»

በአጭሩ፣ በእንዶድ። የደረቀውን ፍሬ ወቅጠሽ በውሃ ታሺዋለሽ፤ አረፋ ይደፍቃል። ነጠላ በእሱ የታጠበ እንደሆነ ንጣቱ ሌላ ነው። ዓይን እንዳይነካ፣ ልጅ እንዳይቀምሰው ተጠንቀቂ። እጣቢውንም ወንዝ ውስጥ አትድፊ፤ ዓሣ ይገድላል። የኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ሲያጥቡ ከእነሱ በታች ያለው የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ ሞቶ አይተው ነው ለበሽታው መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት። ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች አጠገብ ቆሞ ማየት የሚችል ምሁር ብርቅ ነው።

«ያ ዘመን ምኑ ይናፈቃል?»

የተከበሩ እህቴ፣ ባለፈው ዕትም የካርዱን ዘመን ሲያወድሱ አነበብኩ። እኔ ያኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተሰልፌ፣ በሩ ላይ ስደርስ «አልቋል» የተባልኩበትን ቀን አልረሳም። ስኳሩ በጓሮ በር ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ወጣቱ ያ ጥሩ ጊዜ ነበር ብሎ እንዲያስብ አይፈልጉ።

*ጡረተኛ፣ ከአራዳ*

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ባለፈው ሁለት መስመር ብቻ መጻፌ ጥፋት ነበር። ሁለት መስመር ላይ ስኬቱ ብቻ ነው የሚታየው። ወረፋውን እኔም ቆሜበታለሁ። እኛ ሰፈር በሰው ፋንታ ድንጋይ ይሰለፍ ነበር። እያንዳንዱ ቤት ድንጋዩን ያውቃል። የኛ ነጠብጣብ ያለባት ጥቁር ድንጋይ ነበረች። ሌሊት ሄጄ አስቀምጣት ነበር። ጠዋት ስመጣ አንዳንዴ ወደ ኋላ ተገፍታ አገኛታለሁ። ማን እንደገፋት ይታወቃል፣ አይነገርም። የጓሮውን በርም አውቀዋለሁ። እናቴ አንድ ቀን «የወሩ ደርሷችኋል» ተብላ ያልወሰደችውን ስኳር ካርዷ ላይ ተፈርሞ አገኘችው። ለማን ትናገራለች? ተመልሳ መጣች።

የኬላውንም ልንገርዎት፤ እርስዎም ያስታውሱታል። ገበሬው እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ፣ እህል ገዢ ለሆነው የመንግሥት ድርጅት፣ ለእርሻ ሰብል ያስረክባል። ከተማ ላለ ዘመዱ ሁለት ቁና ጤፍ መላክ እንኳ ጭንቅ ነበር። አጎቴ እናቴ ልትወልድ ስትል ከደንቢያ ጤፍ ይዞላት ተነሳ። ኬላ ላይ ወረሱት። እሱ ራሱ ያረሰው፣ ያጨደው፣ የወቃው ጤፍ ነበር። ባዶ ጆንያውን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ቤታችን ገባ። እናቴ ምንም አላለችም። እግሩን አጠበችው። እህል እንደልብ መንቀሳቀስ የጀመረው በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ለደርግ የቀረው ዕድሜ ከዓመት ብዙም አልበለጠ።

ስንቅም አለ። የቀበሌው ሴቶች ተሰብስበው ለሠራዊቱ በሶና ዳቦ ቆሎ ያዘጋጁ ነበር። እናቴ ቀኑን ሙሉ ለሌላ ሰው ልጅ ስትቆላ ውላ፣ ማታ ለኛ የምትቆላው ታጣለች። ነገር ግን አንድም ቀን ስታማርር አልሰማኋትም። «የሰው ልጅ እዚያ ብርድ ላይ ነው» ትል ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ አልተመለሰም። እሱም ከዚያ በሶ ቀምሶ እንደሆነ አንዳንዴ አስባለሁ።

እንግዲህ የማስታውሰውን ሁሉ ካወራሁ ዋናውን ልንገርዎት። አዘዞ ያለችው እህቴም ትስማኝ።

እናቴ እህሉን የምትለካው በአንዲት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነበር። አፏ በሚስማር ተስተካክሎ የተቀጠቀጠ፣ እጀታ የሌላት ጣሳ። ዱቄቱ ከእንስራው ሲወጣ በዚያች ነው። ስምንት ሰው ነን። ሰባታችን ትሪው ዙሪያ እንቀመጣለን። እሷ ጓዳ ትቀራለች። «አንቺስ?» ሲላት አባቴ «እኔ ስሠራ ቀምሻለሁ» ትላለች። ሁላችንም አመንናት። እኔ ትልቋ ልጅ፣ ጓዳ አብሬያት የምውለው፣ እኔም አመንኳት። የምትበላው ከምጣዱ ጠርዝ የሚፋቀውን፣ ከድስቱ ሥር የቀረውን ነበር። በዚያ ላይ ትንሹን ወንድሜን ታጠባለች።

በ1977 ክረምት አንድ ጠዋት ቦኖ ውሃ ለመቅዳት ሄደች። ወረፋው ላይ ወደቀች። ሴቶች ተሸክመው አመጧት። ጤና ጣቢያ ደም ማነስ ነው አሉ። ወተቷም ደርቆ ነበር።

አያቴ፣ ያቺ የጨው ቁራጭ በክር የምታስረው፣ በማግስቱ መጣች። ከአባቴ ጋር አላወራችም። እኛንም አልተቆጣችም። ጓዳ ገብታ ጣሳዋን አነሳች። እንጀራ ስትጋግር የመጀመሪያውን፣ ያልተቆረሰውን፣ በሳህን አደረገች። ሽሮ ጨመረችበት። የተቀቀለ እንቁላል ከየት እንዳመጣች አላውቅም፣ እሱንም አደረገች። እናቴን ከመደቡ አስነስታ ትሪው ፊት አስቀመጠቻት። እኛ ዙሪያዋን ቆመናል። ርቦናል። እናቴ አለቀሰች፣ አልበላም አለች። አያቴ ዝም ብላ ጠበቀቻት። እስክትጨርስ ማንም እጁን አልሰነዘረም። ከዚያ ነው ለኛ የቀረበው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካርዱ እስኪቀር ድረስ ቤታችን ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው የእናቴ ድርሻ ነበር። ጣሳዋን የመያዝ ተራ ለእኔ ደረሰ። እኔ እለካለሁ፣ የእሷን አስቀድሜ አወጣለሁ፣ የቀረውን ለሰባት አካፍላለሁ። ልጆቹ አልተራቡም ብዬ አልዋሽም፤ ራቡ። ግን ትንሹ ወንድሜ ወተት አገኘ። ዛሬ የአራት ልጆች አባት ነው።

ስለዚህ ጋሼ፣ እኔ ያን ዘመን አልናፍቅም። የማነሳው ከእናቴ የተማርኩት ሁሉ በረሃብ የተገዛ ስለሆነ ነው። መንገድ ሲዘጋና ዘይት ሲጠፋ ሌላዋ እናት ያንኑ ከመጀመሪያው እንዳትማረው እፈልጋለሁ። ማራኪ ያለው ተማሪም አረንጓዴዋን ደብተር ለምን አትርሳት እንዳልኩት አሁን ይገባዋል። እናቴ አረንጓዴ ደብተር አልነበራትም። አያቴ ሰጠቻት።

እህቴ፣ የአዘዞዋ። «እኔ ግዴለም፣ ከልጆቹ የተረፈውን እበላለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ግድ አለው። ዛሬ ማታ የመጀመሪያዋን እንጀራ ለራስሽ አስቀምጪ። ልጆችሽ እያዩሽ ብዪ፤ በተለይ ትልቋ ትይሽ። ባለቤትሽንም ይህን ደብዳቤ አስነብቢው። በሚቀጥለው ስትጽፊልኝ የዘይቱን ነገር ተዪውና በዚያ ሳምንት አንቺ በየቀኑ ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። እጠብቃለሁ።